የይማም ካባ

የቀበርኩት ስንቃችንን ነበር፤ የተሸከምኩት ደግሞ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ካባ። ይህን ያደረግሁት በልጅነቴ ቢሆን ይቅር ይባልልኝ ነበር። ግን ሰባውን አልፌያለሁ፤ ሠላሳ ስድስት ዓመት የሰው ልጅ አስተምሬያለሁ፤ በወጣትነቴማ «ግብረ ገብ» የሚባለውን ትምህርት ጠመኔ ይዤ፣ አትዋሹ፣ አትስረቁ፣ ባልንጀራችሁን አትክዱ እያልኩ ሰሌዳ ስሞላ የኖርኩ ሰው ነኝ። በዚያ ክረምት የመድፉ ድምፅ ከወልድያ በኩል ሲቀርብና የሲሪንቃ ሰዎች ፍራሻቸውን ተሸክመው በደጃችን ማለፍ ሲጀምሩ፣ ባለቤቴ አሰገደች አንዱን ቢጫ አንሶላ ለሁለት ቀድዳ ሁለት ጥቅል አሰረች። በአንዱ በሶ፣ ዳቦ ቆሎና ብርድ ልብስ፤ በአንዱ የሠርጋችን ፎቶዎችና ካባዬ። «ይኼን ትሸከማለህ፣ ይኼን ትቀብራለህ» ብላ በጣቷ አሳየችኝ። እኔም ጓሮ ሄጄ ዘይቱናው ሥር ጉድጓድ ቆፈርኩ፤ ቀበርኩ፤ አፈሩን በእግሬ ጠቀጠቅሁ፤ ቅጠል በተንኩበት። ከዚያ የቀረውን ጥቅል ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጌ ከመርሳ ወደ ውርጌሳ መንገድ ገባን። ስንቁ እንዴት ቀለለኝ እያልኩ፣ መንገዱን ሙሉ የገዛ ጉልበቴን ሳመሰግን ዋልኩ።

ውርጌሳ ስንደርስ ከሰዓት በኋላ ነበር፤ ዝናቡም ከእኛ ጋራ ደረሰ። አንድ የተዘጋ ሱቅ በረንዳ ላይ፣ ከሌላው ተፈናቃይ ጋራ ተጠጋግተን ቆምን። አሰገደች ጥቅሉን ፈታችው። ጥቁሩ የከፋይ ካባ ብቅ አለ፤ የደረቱ ሙካሽ ጥልፍ በዚያ ጭጋግ ውስጥ እንደ ቢጫ ወርቅ ብልጭ አለ።

«ታደሰ።» አሳጥራ «ታዴ» ካላለችኝ ነገር አለ ማለት ነው።

«አቤት።»

«በሶው የት ነው?»

«ዘይቱናው ሥር።»

«ብርድ ልብሱስ?»

«ከበሶው ጋራ።»

ካባውን በሁለት እጇ አንሥታ አገላብጣ አየችውና፣ «ታዲያ ይኼን በውሃ በጥብጠን እንጠጣው? በል ልበሰውና ቁም። ጃንሆይ ፊት የቆምክበት አይደል? ምናልባት አንዱ አዝኖ ዳቦ ይሰጥህ ይሆናል» አለች። በረንዳው ሁሉ ሳቀ። ያን ቀን ቤታቸውን ጥለው የመጡ ሰዎች፣ በእኔ ምክንያት ጥርሳቸው ታየ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ በራሴ ላይ መሳቅ የኖርኩበት ሙያ ነው። ግን ካባውን ከእጇ ተቀብዬ ቶሎ ጠቀለልኩት፤ ምክንያቱም የቆምነው ውርጌሳ ነበር። በዓለም ላይ ያንን ካባ ይዤ መገኘት የማይገባኝ አንድ ከተማ ቢኖር ውርጌሳ ነው። በዚያ መንገድ ወደ ደሴ በተመላለስኩባቸው ዓመታት ሁሉ፣ አውቶቡሱ ውርጌሳ ሲቆምና ሰው ለብርቱካንና ለሻይ ሲወርድ፣ እኔ ጋዜጣ ፊቴ ላይ ዘርግቼ የምተኛ መስዬ ነው የኖርኩት። አንድ ጊዜ ጋዜጣ አጥቼ የጎረቤቴን ዶሮ ያለበትን ዘንቢል ፊቴ ላይ አቅፌያለሁ። ከማን እንደምደበቅ ለመናገር ወደ ካባው መመለስ አለብኝ።

ልጅ ሳለሁ የመርሳ ተማሪ የክት ልብሱ ካኪ ቁምጣና ካኪ ሸሚዝ ነበር፤ የክቱም የዘወትሩም እሱው። የጃንሆይ ልደትና የዘውዱ በዓል ሲደርስ ግን እናቶቻችን አቡጀዲውን በእንዶድ አጥበው፣ በከሰል ካውያ ተኩሰው ነጭ በነጭ ያደርጉናል። ሴቶቹ ልጆች በግንባራቸው ላይ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ሪባን ያስራሉ። ሸራ ጫማ ያለው እግሩን ወደ ፊት ዘርግቶ ይቆማል፤ የሌለው ከኋላ ረድፍ ነው። ዘምረን ስንጨርስ አንዳንድ ዳቦና አንድ እፍኝ ከረሜላ ይታደለናል፤ ከረሜላው ወረቀቱ ላይ ስለሚጣበቅ ከነወረቀቱ ነበር የምንመጠው። ዛሬ ልጆቹ በልደታቸው ኬክ እየቆረሱ ፊታቸው ላይ ሲለቃለቁ ሳይ ያ ወረቀት አፌ ውስጥ ይመጣብኛል። የመኳንንቱ ልጆች ግን ሌላ ነበሩ። አባቴ የወረዳ ጸሐፊ ነበር፤ አንድ ጊዜ ለሥራ ደሴ ሲሄድ ይዞኝ ሄደና ለአንድ በዓል ወደ ግቢ ሲገቡ አየኋቸው። እኔን የሚያክሉ ልጆች፤ ነጭ እጀ ጠባብ፣ ነጭ ሱሪ፣ ጥለቱ ጉልበት ላይ የወረደ ኩታ፣ ከላይ እስከ ባት የሚደርስ የከፋይ ካባ፣ ደረቱና አንገቱ ሙካሽ በሙካሽ። ከመካከላቸው አንዱ አፍንጫው ይፈስ ነበርና በካባው ጫፍ ጠረገው። በወርቅ! እኔ በክንዴ የምጠርገውን እሱ በወርቅ! ቤት እስክንገባ አልተናገርኩም፤ አባቴ ያመመኝ መስሎት ነበር። አልተሳሳተም።

መርሳ ገበያ መግቢያ፣ መንገዱ ከሚታጠፍበት፣ ከጨው ነጋዴው ጎን ባለችው በረንዳ ላይ ጋሽ እንድሪስ ሰፊው ይቀመጥ ነበር። ዛሬ እዚያ ቦታ ላይ ስልክ የሚጠግን ጎረምሳ ነው ያለው። ጋሽ እንድሪስ በወጣትነቱ ደሴ ለታላላቅ ቤቶች ሲሰፋ ኖሮ ሙካሽ የተማረ ሰው ነው። መኪናውን በእግሩ ሲዘውር በአምባሰል ቅኝት ያንጎራጉራል፤ ሙካሽ ሲይዝ ግን ዝም ይላል። ሙካሽ በመኪና አይሰፋም፤ ክሩን ዙሪያውን እያስኬዱ በእጅ መርፌ፣ በጣም በቀጭኑ ነው የሚያያዘው። ልጁ ይማም ደግሞ ከእኔ ጋራ ይማራል። አንደኛ ይወጣል፤ እኔ ሁለተኛ እወጣለሁ። እናቴ በየሰኔው «ሁለተኛም ጥሩ ነው» ትለኝ ነበር። ከዚህ የከፋ ስድብ እስካሁን አልሰማሁም።

እንግዲህ ጃንሆይ ወደ ወልድያ ሲያልፉ መርሳ ላይ ወርደው አበባ ይቀበላሉ ተባለ። ዳይሬክተሩ አበባውን አንደኛ የወጣው ልጅ ይሰጣል፣ ሁለተኛው ተጠባባቂ ይሆናል አለ። ከአውራጃ የመጣው ትእዛዝ ልጁ እንደ ግቢ ወግ እንዲለብስ ነበር። ነጋዴዎቹ አዋጥተው ከፋዩን ከደሴ አስመጡ፤ ጋሽ እንድሪስ የስፌቱን ዋጋ አላስከፈለም። ይማም በርጩማ ላይ ቆሞ ሲለካ፣ ከትምህርት ቤት ስመለስ በየቀኑ እየሄድኩ አያለሁ። አንድ ቀን ይማም ቁርኣን ቤት ሄዶ ሳለ ጋሽ እንድሪስ ካባው ትከሻ ላይ እንዴት እንደሚወርድ ለማየት ፈለገና «ና እስቲ ታዴ፣ ልይብህ» ብሎ አለበሰኝ። ከዚያ ራቅ ብሎ፣ «እንደ ይማም ቁም» አለኝ። ቀጥ ብዬ ቆምኩ። አይቶ ሲጨርስ አወለቀልኝ። አወለቀልኝ! ልጁ ሲያድግ እንዲለቀቅ ጠርዙን ሦስት ጣት አጥፎት ነበር፤ በታጠፈው ውስጥ፣ ማንም በማያየው ቦታ፣ በቀይ ክር «ይ» የምትል ፊደል ሰፍቷል። ፊደል አያውቅም ነበር። ያችን አንዲቷን ከይማም ደብተር ላይ ገልብጦ ነው።

ጃንሆይ የሚያልፉበት ቀን እኔና ይማምን አንድ ክፍል ውስጥ አስገብተው ልበሱ አሉን። ዳይሬክተሩ ባንዲራው ገመዱ ተጠላልፎበት ውጭ ይጮሃል። ጋሽ እንድሪስ በገመድ ከታጠረው ሕዝብ ጋራ ቆሟል፤ ማለፍ አይፈቀድለትም። ይማም እጀ ጠባቡን ከለበሰ በኋላ ኩታውን ይዞ ዞር አለብኝ።

«ታዴ፣ ጥለቱ ወዴት ነው?»

«ወደ ላይ።» ከአፌ እንዴት እንደወጣች አላውቅም። አውቃለሁ፤ ለምን እዋሻለሁ።

«ወደ ላይማ ለቅሶ ነው።»

«እሱ ለተራ ሰው ነዋ! ለንጉሥ ሁሉ ነገር ተገላቢጦሽ ነው። ከፊታቸው ስትመለስ ወደ ኋላህ አይደል የምትሄደው? ዳይሬክተሩ አላለማመደህም?»

«አለማምዶኛል።»

«እንግዲያ!»

አመነኝ። ሁለት እጁን ከፍ አድርጎ ቆመልኝና እኔው አለበስኩት። ጥለቱን ወደ አንገቱ አዞርኩ፤ ሰው ለሞተበት እንደሚደረገው። ከላዩ ካባውን ደረብኩለት። ቀዩ ጥለት ከሙካሹ አንገት በላይ ዙሪያውን ወጥቶ ታየ። እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ውጭ ስንወጣ ከአውራጃ የመጡት ፊታውራሪ ግን ሲጮኹ ድምፃቸው አልተንቀጠቀጠም። «ማን ሞቶ ነው? ጃንሆይን በቁማቸው ልታለቅሱላቸው ነው?» አሉ። ጋሽ እንድሪስን ከገመዱ ሥር ጎትተው አመጡት፤ ሜትሩ እንኳ ከአንገቱ አልወረደም ነበር።

«ማን አለበሰህ?» አለው ጋሽ እንድሪስ ልጁን።

ይማም አየኝ። ረጅም ጊዜ አየኝ። ከዚያ አባቱን አየ። «እኔው ነኝ አባ። ረሳሁት።»

አባቱ በጥፊ መታው። በበረንዳው ያን ሁሉ ዓመት ሰው ሲቆጣ ያልታየ ሰው፣ በከተማው ሁሉ ፊት ልጁን መታው። ፊታውራሪው እግር ላይ ወድቆ ይቅርታ ጠየቀና፣ ተነሥቶ ካባውን ከልጁ ትከሻ አውልቆ ለእኔ አለበሰኝ። ኩታዬን ጥለቱን ወደ ታች አድርጎ አስተካከለልኝ። ከይማም ስለምወፍር ካባው ደረቴ ላይ አልገጠመም፤ በመርፌ ቁልፍ ያዘልኝ። ሲጨርስ እንደ ልማዱ ራቅ ብሎ አየኝና፣ «እንደ ይማም ቁም» አለኝ። ያለውን የሰማ አይመስለኝም።

መኪኖቹ መጡ። የልጆቹ መዝሙር ተነሣ። እኔ እንደለመድነው መሬት እስክነካ እጅ ነሣሁ። ቀና ስል መኪና የለም፤ አቧራ ብቻ። አልቆሙም። አንድ ነጭ ጓንት በመስኮት ብቅ ብሎ እንደነበር ሌሎች ነገሩኝ፤ እኔ ጎንብሼ ስለነበር እሱንም አላየሁም። አበባው እጄ ላይ ቀረ። እናቴ «ልብሱን ለሰፊው መልስ» ብላ ላከችኝ። በረንዳው ዝግ ነበር። በሦስተኛው ቀን ስሄድ ከነመኪናው ወደ ውርጌሳ ነቅሎ ሄዷል፤ ንጉሥን ለቅሶ ያለበሰ ሰፊ ተብሎ ካኪ የሚያሰፋው ጠፍቶ ነበር። ይማምም ትምህርቱን አቁሞ ከአባቱ ጋራ መርፌ ያዘ። ለእናቴ «መልሻለሁ» አልኳት፤ ካባውን ጣሪያ ሥር ከገለባው ውስጥ ደበቅሁት። ወላጆቼ ካለፉ በኋላ ደግሞ አውጥቼ ሣጥን ውስጥ አኖርኩትና ወሬው ማደግ ጀመረ። መጀመሪያ ጃንሆይ ቆመው ነበር። ሳጭ አበባውን ተቀበሉኝ። ሳገባ ጉንጬን ዳሰሱኝ። ልጆቼ ሲወለዱ ስሜን ጠይቀውኝ ነበር። ትንሽ ብኖር ሹመት ሳይሰጡኝ አይቀሩም።

ውርጌሳ በረንዳው ላይ ቆመን ሳለ አንዲት ሴት ፕላስቲክ በራሷ ላይ ደፍታ መጣች። «አባባ፣ እማማ፣ ምነው ብርድ ላይ ቆማችሁ? ግቡ እንጂ፣ ቤት አለ። ዘሀራ እባላለሁ።»

«የማን ቤት ነው ልጄ?» አለች አሰገደች።

«የአባቴ ነው። የይማም ሰፊው።»

«እኛ ወደ ሐይቅ ነን» አልኩ እኔ ፈጥኜ።

«በየትኛው እግርህ?» አለች ባለቤቴ፤ ጥቅሉን አንሥታ ተከተለቻት።

ቤቱ በእንግዳ ሞልቷል፤ ሰዎች ሰሌን ላይ ተጠጋግተው የማሽላ ንፍሮ ይበላሉ። ይማም ጥጉ ላይ ከመኪናው ኋላ ተነሣ። እንደ ጥንቱ ቀጭን ነው፤ ሜትሩ አንገቱ ላይ። «አሰላሙ አለይኩም። እንኳን ደህና መጣችሁ፤ አብሽሩ» አለ። አላወቀኝም መሰለኝ። ተንፈስ አልኩ። አሰገደች ግን ቁጣዋ አልበረደላትም ነበር፤ ጥቅሉን መሀል ላይ ዘረገፈችው። «ይኸውልዎ፣ ባሌ ለጦርነት የያዘው ስንቅ!»

ሰው ሳቀ። ይማም አልሳቀም። እጁን በጋቢው ጠረገ፤ መነጽሩን አደረገ፤ ካባውን አንሥቶ ሙካሹን አላየም፣ ደረቱን አላየም፤ ቀጥታ ጠርዙን ገለጠ። ጣቱ ቀይዋ ክር ላይ ቆመ። ቀና ሳይል፣ «አልለቀቅከውም» አለኝ። «ሦስት ጣት አጥፎት ነበር።»

«አላደግሁማ» አልኩ። ሁልጊዜ የሚያስቀኝ ዓይነት ቀልድ ነበር፤ ማንም አልሳቀም።

«ትተዋወቃላችሁ እንዴ?» አለች አሰገደች።

«አብረን ተምረናል» አላት።

«እንግዲያውማ ያውቁታል! ይኼን ለብሶ ለጃንሆይ አበባ ሲሰጥ፣ ጉንጩን ዳስሰው ስሙን ሲጠይቁት እርስዎም ነበሩ።»

ይማም አየኝ። ያ አስተያየት ነው፤ ያ ረጅሙ። ጠበቀኝ። ያን ጊዜ የምናገረው አንድ ቃል እሱን ከጥፊ፣ አባቱን ከውርደት ባዳነ ነበር፤ ዝም ብያለሁ። አሁን የሚድን ሰው የለም፤ ከእኔ በቀር። ሰሌኑ ላይ ተቀመጥኩ።

«አሰገደች» አልኩ፣ «አልቆሙም። መኪናው አልቆመም።»

«ጉንጭህስ?»

«አቧራ ነው የዳሰሰኝ። ካባውም የእኔ አይደለም። የይማም ነው።» ከዚያ ከሕዝቡ ሁሉ ፊት ነገርኳት፤ ጥለቱን፣ ወደ ኋላ የመሄዱን ነገር፣ ጥፊውን። ዘሀራ ንፍሮ መጨለፏን አቆመች። አሰገደች አርባ ዓመት የሰማችውን ወሬ አንድ በአንድ በልቧ እያወለቀች ስታየኝ ታየኝ። በረንዳው ላይ ስንቃችንን እንደቀበርኩ ስትሰማ ሰድባኛለች፤ አሁን ግን ምንም አላለችኝም፤ ስድቧ ናፈቀኝ።

«አውቄው ነበር» አለ ይማም። «ስታለብሰኝ እጅህ ይንቀጠቀጥ ነበር። ውጭ ስንወጣ ገባኝ።»

«ታዲያ ለምን አልተናገርክም?»

«አባቴ ቢሰማ አንተን ይመታል። የጸሐፊ ልጅ ነህ፤ ይታሰራል። እኔ ብመታ ይሻላል አልኩ። በኋላ ልነግረው ስል ደግሞ ማመካኛ መሰለብኝና ተውኩት።» ካባውን ጉልበቱ ላይ አጠፈው፤ እንደ ሰፊ፣ በስፌቱ መስመር። «ሊሞት ሲል ምን አለኝ መሰለህ? ‹አንተ ያን ጊዜ ልጅ ነበርክ፤ ልጅ ይረሳል፤ መምታት አልነበረብኝም› አለ። ወላሂ፣ ያልሠራሁትን ይቅር ብሎኝ ነው የሄደው።»

ካባውን «ውሰደው» ስለው ይዞት ተነሣና አሰገደች ጉልበት ላይ ጣለው። «ለዛሬ ይልበሱት እሜቴ፤ ብርድ ነው። ብርድ ልብሳችሁ ዘይቱና ሥር ነው አሉ።» ያኔ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ ያለው።

ሦስተኛው ቀን ወደ ሐይቅ ስንነሣ ካባውን ትተንለት ወጣን። መንገድ ድረስ ሸኘኝ። «ምን ላድርግልህ?» ስለው፣ በእጁ ሽቅብ ወደ መስጊዱ አሳየኝ። «ትንሽ ነገር ናት። መቃብሩ ከዚያ በላይ ነው። ሄደህ ‹ልጅዎ አልረሳም› በለው። እኔ ብነግረው ማመካኛ ነው፤ ከአንተ አፍ ይስማው።»

«አሁን?»

«አሁንማ መኪና ይቀድምሃል። ስትመለስ፣ ኢንሻአላህ።»

ተመለስን። ቤታችን በሩ ተነቅሎ ነበር፤ ዘይቱናው ግን ቆሟል። ስቆፍር ብርድ ልብሱ ሻግቷል፣ በሶውን ጉንዳን ጨርሶታል፤ አሰገደች ቆማ አየችና «በደንብ ቀብረኸዋል፣ ለዚህስ እጅህ ጥሩ ነው» አለች፤ ታረቅን ማለት ነው። እኔም ውርጌሳ ከዚያ ወዲህ ሦስት ጊዜ ሄጃለሁ፤ ያለ ጋዜጣ። መጀመሪያ ጉልበቴን አመመኝና ብርቱካን ገዝቼ ተመለስኩ። ሁለተኛው ጊዜ መቃብሩ ቦታ የሌላ ሰው ቀብር ነበር፤ ሰው ፊት አፈርኩ። ሦስተኛው ጊዜ ወጣሁ፤ አንድ ሰው ድንጋዩን አሳየኝ። «ጋሽ እንድሪስ፣ እንደምን ዋሉ» አልኩ። ከዚያ ዘሀራ ደህና እንደሆነች ነገርኳቸው፤ ከፋይ እንዴት እንደተወደደ፣ በረንዳቸው ላይ ስልክ እንደሚጠገን፣ ዛሬ ሙካሽ በመኪና እንደሚሰፋና እንደሚያስጠላ ነገርኳቸው። የነገሩን ዙሪያ ሁሉ ዞርኩ። ታች አውቶቡሱ ጡሩምባውን ነፋ፤ ደስ ብሎኝ ወረድኩ። ያ ደስታ ነው እስካሁን ፊቴን የሚያቃጥለኝ። አሰገደች ስገባ «ነገርካቸው?» አለችኝ። «ሰላምታ አድርሻለሁ» አልኳት።

ይኼን ጽሑፍ ስጨርስ ለይማም ስልክ ደወልኩ። ሁሉንም ጻፍኩት አልኩት፤ ጥለቱንም፣ ጥፊውንም፣ «አልረሳም» የምትለውንም ጭምር፤ ሰው ሁሉ ያነበዋል አልኩት። እንደ አንደኛ የወጣ ተማሪ ኮርቼ ነበር። የስፌት መኪናው ድምፅ በስልኩ ውስጥ ቆመ።

«ደግ አድርገሃል» አለኝ። «ግን አባቴ እኮ ከአንዲት ፊደል በቀር አያውቅም ነበር፣ ታዴ። በአፍህ ነው ያልኩህ።»

ሁለት ቃል ናት። አሁንም አለችብኝ።